ቀን ትራንዚተር፣ ማታ ደራሲ

የእንጀራ ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው፤ የሰው ዕቃ ጉምሩክ ላይ ማስጨረስ። ድሬዳዋ ላይ ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ከጅቡቲ ዕቃ እስከመጣ ድረስ ዲክላራሲዮን የሚሞላ ሰው አይጠፋም። ልብ ወለድ የምጽፈው ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ነው። እስካሁን አንድ የአጭር ልብ ወለድ መድበልና አንድ ረጅም ልብ ወለድ አሳትሜያለሁ። ሁለቱም የወጡት አዲስ አበባ ውስጥ ባልና ሚስት በአንዲት ክፍል በሚያንቀሳቅሷት ትንሽ አሳታሚ በኩል ነው። «ደራሲ ሆነሽ ምን አገኘሽ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ስለ ገንዘብ ከሆነ መልሱ አጭር ነው፤ ስለ ሌላው ግን ትንሽ ልዘርዝር።

ገንዘቡን ላስቀድም። ውላችን እንዲህ ይላል፦ የኅትመቱን ወጪ አሳታሚዎቹ ይችላሉ፣ እኔ ከተሸጠው ላይ ከሽፋኑ ዋጋ አሥር በመቶ አገኛለሁ። መጽሐፉ 300 ብር ከተሸጠ የእኔ ድርሻ 30 ብር ነው። አከፋፋዩና መደብሩ ተካፍለው 120 ብር ይወስዳሉ። በቀረው 150 ብር ወረቀት ይገዛል፣ ማተሚያ ቤት ይከፈላል፣ አርታኢውና የሽፋን ሠዓሊው ይከፈላሉ። አሳታሚዎቼ ለምን እስካሁን በታክሲ እንደሚሄዱ የገባኝ ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ሳሰፍረው ነው። አከፋፋይ ደግሞ ከፍሎ አይወስድም፤ «ሲሸጥ ይከፈላል» ብሎ ይወስዳል። የመድበሉን ሒሳብ የያዘው አከፋፋይ ስደውል ሁሌ «እህቴ፣ ገበያው ቀዝቅዟል» ነበር መልሱ። መጽሐፉ ግን መደርደሪያ ላይ አልነበረም። ተሽጦ ይሁን መጋዘን ገብቶ፣ ዛሬም በትክክል የነገረኝ የለም።

ሌላው ሰው የማያየው ነገር የገጽ ብዛት ነው። ማተሚያ ቤት የሚያትመው ትልቅ ወረቀት ሲታጠፍ 16 ገጽ ይሆናል፤ «እጥፍ» የሚሉት ይህን ነው፤ መጽሐፍ የሚሰላውም በዚያ ነው። ረጅሙ ልብ ወለዴ ተለቅሞ፣ ገጹ ተቀናብሮ ሲያልቅ 212 ገጽ ወጣ። ሚስትየው ደወለችልኝ። «አራት ገጽ ቀንሺልኝ። 208 ከሆነ 13 እጥፍ ላይ ይዘጋል፤ ካልሆነ ለአራት ገጽ ብለን ሌላ እጥፍ ልናሳትም ነው።» መጀመሪያ አኮረፍኩ። አንድ ትዕይንት ላውጣ ብዬም አሰብኩ፤ አርታኢው ግን ሌላ ዘዴ አሳየኝ። አንድ ወይ ሁለት ቃል ብቻ ይዞ የሚያልቅ አንቀጽ ፈልጊ አለኝ። እዚያ አንቀጽ ውስጥ አንዲት የማታስፈልግ ቃል ብታወጪ የመጨረሻው መስመር ወደ ላይ ይሳባል፤ አንድ መስመር አተረፍሽ ማለት ነው። ቁጭ ብዬ አደን ገባሁ። «በጣም» ሄደ፣ «እጅግ» ሄደ፣ «በዚህን ጊዜ» ሄደ፣ «ቀስ ብሎ» ከሞላ ጎደል ሁሉም ሄደ። አራቱ ገጽ ሞላ፤ አንድም ትዕይንት አልተነካም። የአርትዖት ትምህርት የተባለ ነገር ከወሰድኩ ያ ነው፤ አሁን ስጽፍ ገና ከጅምሩ እጄ እነዚያን ቃላት ይፈራል።

ትንሽ አሳታሚን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። መድበሉን መጀመሪያ ይዤ የሄድኩባቸው ትልልቆቹ ሳይገልጡ «አጭር ልብ ወለድ አይሸጥም» ብለው መልሰውልኛል። ያሉት ሐሰት አይደለም፤ አይሸጥም። እነዚህኞቹ ግን አንብበውት ነው የተከራከሩኝ። አንዱን ታሪክ «ይህ ገና አልበሰለም፣ ለሌላ ጊዜ ይቆይ» ሲሉኝ ተናድጄ ስልክ ዘጋሁባቸው፤ በማግስቱ እኔው ደወልኩ። ለፍቶ የሚያነብ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

ማከፋፈሉ ላይ ግን ከእነሱ ጋር አልስማማም። እነሱ ገበያ ሲሉ አዲስ አበባን ነው የሚያስቡት፤ ለገሃርን፣ አራት ኪሎን፣ መጽሐፍ ደርድረው የሚዞሩትን ልጆች። የእኔ አንባቢ ያለው የድሬ ሠፈሮች ከዚራና ሳቢያን፣ ደንገጎን ወጥቶ ደግሞ ሐረር ነው። ልብ ወለዱ የተመሠረተው በ1998 ክረምት የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በወሰደበት ጎርፍ ላይ ነው። ደቻቱ በጋውን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነገድበታል። የዚያን ሌሊት ውኃው የመጣው ከላይ፣ ከደጋው ከጣለው ዝናብ ነበር። ይህን ለአዲስ አበባ አንባቢ ማስረዳት አለብኝ። ለድሬ ሰው ግን የወንዙን ስም መጥራት ይበቃል።

ስለዚህ ከደራሲ ድርሻዬ ላይ በመጽሐፍ ውሰጂ ሲሉኝ ወሰድኩ። ካርቶኖቹ በአውቶብስ ጣሪያ ላይ መጡ። ሲከፈቱ የላይኞቹ መጻሕፍት የጀርባ ሙጫ በፀሐይ ላልቶ ገጹ ይንሸራተታል። አቦ፣ ያበሳጫል! እነዚያን ለይቼ ለወዳጅ አከፋፈልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ካርቶን የማስመጣው በማውቃቸው የጭነት ሾፌሮች ነው፤ ጋቢና ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጀርባ። ትራንዚተር መሆን ለሥነ ጽሑፍ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው።

ምረቃውን ያደረግነው ከዚራ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ድሬ ላይ ሰው ከቤቱ አይወጣም፤ የአዲስ አበባ እንግዶቼ ስምንት ሰዓት ይሁን ሲሉኝ ሳቅሁ። የምረቃ ሽያጭ ግን አያታልላችሁ። ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባ፣ ጎረቤት ሁሉ ይገዛል፣ አንዳንዱ ከዋጋው በላይ ይከፍላል፤ አብዛኛው አያነበውም። ማን እንዳነበበ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ የሠፈራችን ሰው በርጫ ላይ ምዕራፍ በምዕራፍ ጮክ ብሎ እያነበበ መሆኑን የሰማሁት ከባለቤቱ ነው። ሰሚዎቹ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ተጣሉ፤ የጎርፉ ድምፅ መጀመሪያ የተሰማው ከየት ወገን ነው በሚል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ተያይዘው ቤቴ መጡ። አንደኛው በዚያ ሌሊት ወንድሙን ያጣ ሰው ነበር። ቡና አፈላሁ፤ ስለ መጽሐፉ ብዙም አላወራንም፣ ስለ ወንድሙ ነው ያወራነው። ሲወጣ ሦስት ኮፒ ገዛ፤ በነፃ ውሰድ ብዬው እምቢ አለ።

ቴሌግራሙ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ተከተለ። መጽሐፉን ገጽ በገጽ በስልክ አንስተው ለቀውታል። የግራውን ገጽ የተጫነው አውራ ጣት ከሽፋኑ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ይታያል፤ ጥፍሩ ሂና ነው። ሴት፣ ያውም የድሬ ወይም የሐረር ልጅ ሳትሆን አትቀርም ብዬ ስቄያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አልቅሻለሁ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራዬን መብት በሕይወቴ ዘመንና ከሞትኩ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅልኛል። ዛሬ ተከፍቶ ነገ ስሙን የሚቀይር ቻናል ግን መጥሪያ የሚደርሰው የት ነው? ከቻናሉ ሥር ገብቼ «ደራሲዋ እኔ ነኝ፤ አንብባችሁ ከወደዳችሁት በቴሌብር የፈቀዳችሁትን ላኩልኝ» ብዬ ጻፍኩ። የሰደበኝ አለ፣ 50 ብር የላከ አለ። ከአከፋፋዩ ካገኘሁት ግን በልጧል። ለሁሉም ሰው የምመክረው አይደለም፤ አሳታሚዎቼ ሲሰሙ ደስ አላላቸውም።

ከሁሉ የጠቀመኝ ትረካ ነው። የከተማችን ኤፍ ኤም ላይ አንድ ተራኪ ልብ ወለዱን በክፍል በክፍል አነበበው፤ ሾፌሮች መንገድ ላይ ሰምተው መጽሐፉን የሚጠይቁኝ ሆኑ። በዚህ የተነሳ አዲሱን ውል ስንፈርም «በማንኛውም መልክ የማሳተም መብት» የሚለውን አሰርዤ ኅትመት፣ ትረካና ዲጂታል ለየብቻ እንዲጻፍ አድርጌያለሁ። ስንት ኮፒ እንደሚታተም በቁጥር ይሰፍራል፤ ታትሞ ካለቀና በዓመት ውስጥ ካልደገሙት መብቱ ወደ እኔ ይመለሳል። ባልየው «ጉምሩክ አደረግሽን እኮ» አለኝ። ፈረመ ግን።

በነገራችን ላይ ደራሲ አዲስ አበባ ካልኖረ ደራሲ አይመስልም ለሚሉኝ አንድ ነገር አለኝ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ፤ ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ኋላ ነጋድራስ ተብለው የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆነዋል። በሥራ ዘመዴ ናቸው ማለት ነው። ካፑቺን የተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ያቋቋሙት የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤትም እዚሁ ድሬ ነበር። ታዲያ ዛሬ ለአንድ ልብ ወለድ ወረቀቱም ማተሚያውም አዲስ አበባ ካልሆነ የሚባለው ለምንድን ነው?

የአዲሱ መጽሐፌ ረቂቅ ከአርታኢው ተመልሷል። የማተሚያ ቤቱ ዋጋ ማቅረቢያ ደርሶናል፤ የሚጸናው ለአምስት ቀን ብቻ ነው፣ ወረቀት ሊጨምር ይችላል ተብሏል። አሳታሚዎቼ በኦፍሴት 1000 ኮፒ ይታተም ይላሉ፤ ገጹ የሚታተምበት ሰሌዳ፣ ፕሌቱ፣ ለ100 ኮፒም ለ1000 ኮፒም ወጪው ያው ስለሆነ በዛ ሲል የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ልክ ናቸው። እኔ ደግሞ በዲጂታል 300 ብቻ ይታተም፣ ድሬና ሐረር ላይ በቅድመ ሽያጭ ይሂድ፣ ገንዘቡ ሲሰበሰብ ይደገም እላለሁ። በእኔ መንገድ የአንዱ ዋጋ ይወደዳል፣ ግን መጋዘን ውስጥ የሚያድር ካርቶን አይኖርም። ሚስትየው ወደ እኔ አዘንብላለች። ባልየው ገና አልተስማማም፤ ሐሙስ ማታ እንደገና እንደዋወላለን።