ደብረ ብርሃን ላይ መስኮት ሲያልበው

ኅዳርና ታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ውርጯ አይጣል ነው። ጠዋት መስታወት ላይ ውሃ ማየት ብርቅ አይደለም። መታወቅ ያለበት ውሃው የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ነው። የቤታችን መስኮቶች ድርብ መስታወት ናቸው፤ ለመለየት ጣቴ በቂዬ ነበር።

ከውስጥ ስትነኩት ከተጠረገ መስታወቱ ጤነኛ ነው፤ ያስቸገረው የቤቱ እንፋሎት ነው። የወጥ ቤታችን እንዲህ ነበር። 20 ዲግሪ የሚሞቅ ክፍል እርጥበቱ 60 በመቶ ከደረሰ፣ ከ12 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ ጤዛ ይይዛል። ድስት መክደንና ምግብ ሲበስል መስኮት ገርበብ ማድረግ ጀመርን፤ ተሻለው። በውጭ በኩል ጠዋት የሚታየው ጤዛ ደግሞ ጭራሽ ደግ ምልክት ነው። የቤቱ ሙቀት አልሾለከም ማለት ነው።

የሳሎኑ ግን ከውስጥም ከውጭም ብወለውለው ጉሙ አልለቅ አለ። መሃል ገብቷል ማለት ነው። ባለሙያው መያዣውን ሲፈታው የታችኛው ጥግ ላይ ጥቁሩ ማሸጊያ ከመስታወቱ ተላቆ አየሁ። በሁለቱ መስታወቶች መካከል በዙሪያው የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አለ፤ ውስጡ እርጥበት የሚመጥጡ ደቃቅ ፍሬዎች ተሞልተውበታል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ እንደምናገኛት ከረጢት ማለት ነው። ማሸጊያው ሲከፈት ፍሬዎቹ እስኪጠግቡ ይመጥጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጉሙ የሚታየው።

ለምን ተላቀቀ? የአልሙኒየም መያዣው የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በአቧራ ተደፍነው የክረምቱ ዝናብ እዚያው ተኝቶበታል። ከፍታውም አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። ቆላ ላይ የታሸገ መስታወት እዚህ ሲመጣ ውስጡ ያለው አየር ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ጠርዙም ይወጠራል። የቀትር ፀሐይ ሲጨመርበት ይብሳል።

ባለሙያው «ከላይ ሲሊኮን ማሸጊያ ልቀባልህ» አለኝ። አልተስማማሁም፤ እርጥበቱን ውስጥ መቆለፍ ነው የሚሆነው። ፍሬሙ ደህና ስለነበር መስታወቱን ብቻ አስቀየርኩ። ቁመትና ወርድ ብቻ ሳይሆን ውፍረትም ይለካል፦ የኛው 5 ሚሊ መስታወት፣ 12 ሚሊ ክፍተት፣ 5 ሚሊ መስታወት፣ በድምሩ 22 ነው። ከማዘዜ በፊት የት እንደሚታሸግ ጠየቅሁ፤ አዲስ አበባ የተገጣጠመውን መረጥኩ፣ ከፍታዋ ለኛ ስለሚቀርብ። ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ጠረግናቸው። ሲገጠምም ጠርዙ ውሃ ላይ እንዳይቀመጥ ከሥሩ ትንንሽ የፕላስቲክ ማስደገፊያ አስገብተንበታል።