ያልተቆፈረ መደብ፦ ከሥር ፍልፈል፣ ከላይ አይጥ

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ሐዋሳ በሚገኘው ግቢያችን ጥግ የመጀመሪያውን የአትክልት መደብ ስሠራ፣ መሬቱን ላለመቆፈር የወሰንኩት አፈሩን ለሁለት ዓመት ካየሁት በኋላ ነው። አሸዋማና ቀላል በመሆኑ በዶማ በገለበጥኩት ቁጥር እርጥበቱ በጥቂት ቀናት ፀሐይ ይተንናል፤ ከሥር ተኝቶ የቆየው የአረም ዘርም ብርሃን ሲያገኝ ከጎመኑ ቀድሞ ይበቅላል።

ስለዚህ ሣሩን አጭጄ እዚያው ተውኩት። በላዩ ላይ ከሱቅ የሰበሰብኩትን ካርቶን፣ ፕላስተሩን ልጬ፣ አንዱን በሌላው ላይ አንድ ስንዝር ያህል እያደራረብኩ አነጠፍኩና ውኃ እስኪጠግብ አራስኩት። እንጨት ምስጥ ስለሚበላው ዙሪያውን በሁለት ረድፍ ብሎኬት አጠርኩ። የውስጡ ስፋት 1.20 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህም 1.44 ሜትር ኩብ ሙሌት ጠይቋል። ስፋቱን የወሰንኩት ከሁለቱም ወገን እጄ መሐሉ ድረስ እንዲደርስና መደቡ ከቶ እንዳይረገጥ ነው፤ የማይረገጥ አፈር መቆፈርም አያሻውም። ከታች የደረቀ ቅጠልና አፈር፣ በመካከል የበሰበሰ እበት፣ ከላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የተነፋ ኮምፖስት ሞላሁ። ቆስጣውና ሰላጣው በጥሩ ሁኔታ ያዙ። ሰርዶው ግን በካርቶኑ መጋጠሚያ በኩል እየወጣ ለሦስት ወር ያህል በእጅ መነቀል ነበረበት።

ዋናው ችግር የመጣው በሰኔ ነው። አንድ ጠዋት ከካሮቱ መካከል የአንዱ ቅጠል ጠውልጎ አገኘሁት። ሳብ ሳደርገው ቅጠሉ ብቻ እጄ ላይ ቀረ፤ ሥሩ በነበረበት ቦታ ጡጫዬን የሚያስገባ፣ ግድግዳው የተለሰነ የሚመስል ባዶ መተላለፊያ ነበር። በሳምንት ውስጥ ከመደቡ ግማሽ የሚሆነው ካሮት በዚህ መልክ አለቀ። በሲዳማ ገጠር እንሰት ሲተክሉ ያደጉት አዛውንት ጎረቤቴ መጥተው ጉድጓዱን አዩና «ልጄ፣ ይኼ አይጥ አይደለም፤ ፍልፈል ነው። እንሰታችንንም ከሥሩ የሚጨርሰው እሱ ነው። ክፈተውና ነገ እየው፤ ቤቱ ተከፍቶ እንዲያድር አይፈልግም» አሉኝ። ከፈትኩት፤ በማግሥቱ በትኩስ አፈር ተደፍኖ አገኘሁት።

ፍልፈል በመተላለፊያው ውስጥ ብቻውን የሚኖር፣ በጥርሱ የሚቆፍር፣ ሥርና እንደ ድንች ያለ ከመሬት ሥር የሚያብጥ የተክል ክፍል የሚበላ እንስሳ ነው። እንዲህ ላለ እንስሳ እርጥብ ካርቶን ምንም አይደለም፤ ለስላሳውና እርጥቡ ሙሌትም ሥራውን አቅልሎለታል። ያለቁፋሮ የሚለማ መደብ ለሥሩ የሚመቸውን ያህል ለፍልፈልም እንደሚመች አስቀድሜ አለማሰቤ ብዙ ድካም አስከትሎብኛል። ሙሉውን ሙሌት ሁለት ቀን ፈጅቼ በአካፋ አወጣሁና ከሥሩ ቀዳዳው ከ12 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ ዝገት የሚቋቋም የሽቦ መረብ ዘረጋሁ። መረቦቹን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አደራርቤ በቀጭን ሽቦ ሰፋኋቸው፤ ጠርዛቸውንም ብሎኬቱ እንዲጫነው ከሥሩ አስገባሁ። ብዙ ሰው የሚገዛውን የዶሮ ሽቦ ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ቀዳዳው አይጥ ያሳልፋል፣ ቀጭኑ ሽቦም በእርጥብ ኮምፖስት ውስጥ ቶሎ ይዝጋል።

ከሥር የሚመጣው ቆመ፤ በመስከረም ግን ቀይ ሥሩ ከአፈር ብቅ ባለበት በኩል ጥርስ ያረፈበት ሆኖ አገኘሁት፤ ብሎኬቱም ላይ የአይጥ ኩስ ነበር። ለዚህ ምክንያቱ የራሴ አሠራር ነበር። እርጥበት እንዲይዝልኝ የጤፍ ጭድ አወፍሬ አልብሼ ነበር፤ በጭዱ ውስጥ የቀረው ፍሬ ምግብ፣ ውፍረቱም መሸሸጊያ ሆነ። የእንጀራ ፍርፋሪና የዓሣ ተረፈ ምርት ከኮምፖስቱ ክምር ላይ እጥል ነበር። ከሁሉም በላይ የብሎኬቶቹን ቀዳዳ ክፍት ትቻቸው ነበር፤ አንዱን በዱላ ስነካካው ከጭድና ከማዳበሪያ ከረጢት ክር የተጎነጎነ ጎጆ ወጣ።

ቀዳዳዎቹን በጠጠር ሞልቼ በሲሚንቶ ደፈንኳቸው። የጭዱን ልብስ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር አሳሳሁ፤ ከግድግዳውም አንድ መዳፍ ያህል አራቅሁት። እንጀራና ዓሣ ወደ ክምሩ መግባታቸው ቀረ፤ የክምሩም ሥር በሽቦ መረብ ተዘጋ። አይጥ ገላጣ ቦታ አቋርጦ መሄድ ስለማይወድ በመደቡ ዙሪያ ያለውን ሣር በየሳምንቱ እያጨድኩ ገላጣ አደረግሁት። ወጥመዶቹን ግድግዳውን ተከትዬ፣ ድመት እንዳይጎዱ በሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ፤ አይጥ አዲስ ነገርን ስለሚጠራጠር ለአራት ቀን ሳላጠምዳቸው የተወቀጠ ለውዝ ብቻ አደረግሁባቸው። መርዝ አልተጠቀምኩም፤ መርዝ የበላ አይጥ ሳይሞት ጥቂት ስለሚቆይ፣ በከተማችን የሚርመሰመሰው አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ ወይም የጎረቤት ድመት ሊበላው ይችላል። የአይጥ እርግዝና ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ምልክቱን ባየሁበት ቀን መጀመር ነበረብኝ፤ አንድ ወር መዘግየቴ ብዙ አስከፍሎኛል። የአይጥ ሽንት በሽታ ስለሚያስተላልፍ ጎጆውን ያወጣሁት ውኃ ረጭቼ፣ ጓንት አድርጌ ነው፤ ጥሬ የሚበላውን ሰላጣም አሁን በብዙ ውኃ እናጥባለን።

በዚህ ዓመት በሠራሁት ሦስተኛ መደብ መጀመሪያ የተዘረጋው ሽቦው ነው፤ ካርቶኑ ከእሱ በላይ ነው። ትናንት ጠዋት ከመደቡ አንድ ሜትር ርቆ አዲስ የፍልፈል ጉብታ አየሁ፤ አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። ከመደቡ ጠርዝ አምስት ካሮት ነቅዬ ሥራቸውን እስከ ጫፉ አየሁ፤ አንዱም አልተነካም።