ካርቶን፣ ቱንቢ እና የ17ኛው ክፍለ ዘመን ደብተር

ሰላም ወዳጆች። ሁለት ወር ሆነኝ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ተማሪዎች በእጃቸው የጻፏቸውን የጂኦሜትሪ ደብተሮች በስካን እያነበብኩ ነው። ያኔ የታተመ መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም። መምህሩ ሕጉን ይሰጣል፣ ልጁ አሳምሮ ይገለብጣል፣ ከሥሩ ምሳሌ ይሠራል። «ለምን?» የሚል ነገር ግን ብዙ አትጠብቁ።

ማንበቡ ብቻ አልገባ ሲለኝ ኳድራንት፣ ማለትም በማነጣጠር የነገርን ከፍታ መለኪያ፣ ሠራሁ። ሩብ ክብ ካርቶን፣ ለማነጣጠሪያ ስትሮ፣ ጫፉ ላይ ዳዶ የታሰረበት ክር። ቱንቢ በሉት። ካርቶኑ ላይ ሁለት ጎኖቹ 12፣ 12 ቦታ የተከፈሉ ካሬ አለ፤ «የጥላ ካሬ» ይባላል። ክሩ ልክ የካሬው ጥግ ላይ ሲያርፍ 45 ዲግሪ ነው፤ ርቀታችሁና ቁመቱ እኩል ናቸው ማለት ነው።

ከሰፈራችን ጂ ፕላስ 3 ሕንፃ 18 ሜትር ርቄ አነጣጠርኩ። ክሩ 8 ላይ አረፈ። ሕጉ «ርቀቱን በ12 አባዛ፣ ለነጥቡ አካፍል» ይላል። 27 ሜትር! ጥበቃው እንኳ ሳቀ። ሁለት ቀን ስለፋ ቆይቼ ነው የነቃሁት፤ ለካ ሁለቱ የካሬው ጎኖች ሕጋቸው ለየቅል ነው። እኔ የገለበጥኩት ቀረብ ብለው፣ ከ45 ዲግሪ በላይ ቀና ብለው ሲያዩ የሚሠራውን ነው። ራቅ ካላችሁ ይገለበጣል፦ 18 ሲባዛ በ8፣ ሲካፈል ለ12፤ 12 ሜትር። እሱም ከዓይኔ በላይ ያለው ብቻ ነው። የዓይኔን ከፍታ 1.6 ስጨምርበት 13.6 ሆነ። አሁን ሕንፃ መሰለ።

የመሬት መለኪያውን የጉንተር ሰንሰለት ቶሎ ወደድኩት። 66 ጫማ ነው፣ 100 ቀለበት አለው፤ 10 ካሬ ሰንሰለት አንድ ኤከር (የእንግሊዞች የመሬት ስፋት መለኪያ) ይሆናል። ቀያሹ የመሬቱን ርዝመትና ወርድ በቀለበት ለክቶ ያባዛል፣ ለ100,000 ያካፍላል፣ ኤከሩ ወጣ፣ አለቀ።

ሳይን ላይ ግን ተንገዳግጃለሁ። ዛሬ ሳይን የምንለው በቀጥተኛ ማዕዘን ሦስት ጎን ውስጥ ከማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለው ጎን ለረጅሙ ጎን ሲካፈል ነው፤ በድሮዎቹ ሠንጠረዦች ግን ሳይን ጥምርታ ሳይሆን ርዝመት ነው። ራዲየሱ 10,000,000 ከተባለ የ30 ዲግሪ ሳይን 5,000,000 ነው። ነጥብ ያለው ቁጥር ገና ስላልተለመደ በትልቅ ሙሉ ቁጥር ከክፍልፋይ ጣጣ ይገላገሉ ነበር። የዚህ የሦስት ጎን ልኬት ትምህርት ስም፣ «ትሪጎኖሜትሪ» የሚለው ራሱ፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1595 ነው፤ ያወጣው ፒቲስኩስ የተባለ ጀርመናዊ ቄስ ነው።

ቀጣዩ ሥሩ የማይደረስበትን ነገር ከሁለት ቦታ አነጣጥሮ መለካት ነው። አጥር ውስጥ ያለ የውኃ ታንከር መርጫለሁ። ዘበኛው አላስገባም ስላለኝ ለልምምዱ ተመችቶኛል።