ጅዳን በቱሪስት ቪዛ

ቪዛው ኢሜይሌ ውስጥ የገባው እራት አቅርቤ ሳልጨርስ ነው። ፎቶ፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ክፍያ፣ በቃ። ደጋግሜ ከፍቼ አየሁት። ለዚችው ሳዑዲ ቪዛ ድሮ ስንት ደላላ ተለማምጬ ነበር! የሕክምና ምርመራው፣ አሻራው፣ “ነገ ተመለሺ” የሚሉት ነገር። ያኔ ከወሎ የወጣሁ፣ ለቤት ሠራተኝነት የምሄድ ልጅ ነበርኩ። አሁን ስቶክሆልም ነው የምኖረው፣ ፓስፖርቴም የስዊድን ነው። ሴትዮዋ ግን ያቺው ነኝ።

ሳዑዲ ለቱሪስት የተከፈተችው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ነው። ከዚያ በፊት ለሐጅና ዑምራ፣ ለሥራ፣ ለንግድ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ካልሆነ፣ አገር ለማየት ብሎ መግባት ከሞላ ጎደል የማይታሰብ ነበር። በመጀመሪያው ዝርዝር 49 አገሮች ነበሩ። ስዊድን አለች። ኢትዮጵያ የለችም። የውጭ ሴቶች አባያ መልበስ አይገደዱም፣ ጨዋ ልብስ ይበቃል ተባለ። ወዲያው ደግሞ የውጭ አገር ወንድና ሴት የጋብቻ ወረቀት ሳያሳዩ አንድ የሆቴል ክፍል መያዝ ይችላሉ ተባለ። ይህን የሰማሁ ቀን ወሬው ውሸት ነው ብዬ ተከራክሬያለሁ።

ጅዳ ኤርፖርት ፓስፖርቴን የተቀበለችኝ ኒቃብ የለበሰች ወጣት ናት። በእኔ ጊዜ እዚያ ወንበር ላይ ሴት አላየሁም። በ2018 ለኤርፖርትና ለድንበር ኬላ 140 ሴቶች እንፈልጋለን ሲባል 107 ሺህ አመልካች መጥቶ ነበር። እሷም ከዚያ ውስጥ ትሆን ይሆናል። አሻራዬን ወሰደች፣ ማህተሙን መታች፣ ፓስፖርቴን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ድሮ ከዚያ በር ስወጣ ፓስፖርቴን የያዘው ከፊሌ፣ ማለትም ያስመጣኝ አሠሪ ነበር። ዳግመኛ ያየሁት ወደ አገሬ ስመለስ ነው።

ጅዳ ውስጥ ዓመታት ኖሬ የማውቃት ጅዳ ኩሽናው፣ ልብስ የማሰጣበት ጣሪያ፣ አንዳንድ ሐሙስ ማታ ደግሞ የልጆቹን ጫማ እየጠበቅኩ የምቀመጥበት የባሕር ዳርቻ ነበር። ባለድ የሚባለውን አሮጌውን ከተማ አላውቀውም። ዩኔስኮ በ2014 መዝግቦታል። ቤቶቹ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ፊታቸው ላይ የተፈለፈለ የእንጨት መስኮት ተንጠልጥሏል፣ ነፋስ ያስገባል፣ ሴቶቹም ሳይታዩ መንገዱን ያዩበታል። ግማሹ ቤት እድሳት ላይ ነው። እግሬ እስኪዝል ዞርኩ። ማንም የት ትሄጃለሽ፣ ኢቃማሽን (የመኖሪያ ፈቃድሽን) አምጪ አላለኝም።

የለመደ ሰውነት ግን ቶሎ አይረሳም። አዛን ሲል ልቤ ድንግጥ ይላል፣ ሱቅ ሊዘጋ ነው፣ ሙጠዋ፣ የሃይማኖት ፖሊሱ፣ ሊመጣ ነው እላለሁ። ሙጠዋዎቹ የማሰር ሥልጣናቸውን ያጡት በ2016 ነው። ሱቆች በሶላት ሰዓት ክፍት ሆነው መቆየት የቻሉት በ2021 ነው። ወንዶች ብቻቸውን፣ ሴቶች ከቤተሰብ ጋር ይገቡበት የነበረው የምግብ ቤት ልዩ ልዩ በርም ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። ካፌው ውስጥ ወጣት ወንድና ሴት አንድ ጠረጴዛ ከበው ይስቃሉ፣ ሙዚቃ አለ። ደስ ብሎኛል ብል ግማሽ እውነት ነው። የዒሻ፣ የማታው ሶላት፣ አዛን ከሙዚቃው ጋር ሲደባለቅ አልወደድኩትም። እኔም ሙስሊም ነኝ።

ሌላ የተናደድኩበት ነገር አለ። ልጅ ሆኜ መንደራችን ውስጥ መውሊድ ሲሆን ድቤ ይመታል፣ መንዙማ ይባላል፣ አያቴ ጫታቸውን ይዘው እስኪነጋ ያመሻሉ። ከዚያ ሳዑዲ ተምረው የተመለሱ ሰዎች መጡና ድቤው ሐራም ነው፣ መንዙማው ቢድዓ፣ ሃይማኖት ላይ የተጨመረ ፈጠራ ነው አሉን። ስንቱ ቤተሰብ ተጣላ። አያቴ ተሸማቀው ነው የሞቱት። እኔም ጅዳ ስገባ አሠሪዬ ማዳም ስልኬ ላይ የነበረውን መንዙማ አጥፊ ብላኛለች። አሁን ሪያድ በረሃው ላይ መድረክ ተተክሎ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው እስከ ሌሊት ይጨፍራል። ወላሂ አልቀናሁም። ግን ለአያቴ ማን ይቅርታ ይጠይቅልኛል? የማይነካ ሃይማኖት ነው ተብለን የተማርነው ግማሹ የመንግሥት መመሪያ ነበር ማለት ነው። መመሪያ ደግሞ በአንድ ከሰዓት ይሻራል።

ለውጡ ከላይ የመጣ ስለሆነ ደግሞ ከታች የጠየቀ ሰው አይመሰገንበትም። ሴቶች መኪና መንዳት የጀመሩት በሰኔ 2018 ነው። ለዚህ ስትሟገት የኖረችው ሉጄይን አል ሀዝሉል ከዚያ አንድ ወር በፊት ተይዛ እስር ቤት ነበረች።

ጅዳን ከመካና ከመዲና በሚያገናኘው በሐረመይን ባቡር መዲና ገባሁ። ዑምራዬንም በዚያው በቱሪስት ቪዛ አድርጌያለሁ፣ ያለ ማህረም (አብሮ የሚሄድ የቅርብ ወንድ ዘመድ)፣ ብቻዬን። ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም፣ በእኔና በአላህ መካከል ነው። ከመዲና በመኪና ከሦስት ሰዓት በላይ ተጉዤ ዑላ ደረስኩ።

እዚያ ያለውን ጥንታዊ ቦታ ቱሪስቱ ሄግራ ይለዋል። ለእኛ መዳኢን ሷሊህ ነው። ቁርኣን የቀራ ልጅ ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል። የሰሙድ ሕዝቦች በነቢዩ ሷሊህ ግመሏን አትንኩ ተባሉ፣ ገደሏት፣ ጠፉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ተቡክ ሲሄዱ በዚያ አልፈዋል። እያለቀሳችሁ ካልሆነ አትግቡ ማለታቸውን፣ ከጉድጓዱ ውኃ ያቦኩትን ሊጥ እንኳ ለግመሎች እንዲሰጡ ማዘዛቸውን ሐዲስ ይናገራል። ስለዚህ ብዙ ሳዑዲዎች ቦታውን ሲሸሹት ኖረዋል። ማዳም ስሙ ሲነሳ እንኳ “አዑዙ ቢላህ” ትል ነበር። አሁን የአገሪቱ የቱሪዝም ፊት እሱ ሆኗል፤ ማስታወቂያው ሁሉ ላይ ያለው ያ ብቻውን በረሃ ላይ የቆመው ዐለት፣ ቀስር አል ፈሪድ ነው።

ቦታው ከ100 በላይ ከዐለት የተፈለፈሉ መቃብሮች አሉት። በ2008 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ከሳዑዲ የመጀመሪያው ነበር። የቀስር አል ፈሪድ ታችኛው ክፍል ሳይጨረስ ቀርቷል። ላሊበላን ላየ ሰው ይሄ አይገርመውም፣ ሥራው ከላይ ወደ ታች ነው። አስጎብኛችን የዑላ ልጅ ናት፣ ነጭ ስኒከር፣ ጥቁር መነጽር። መቃብሮቹን የሠሩት ናባጢያውያን ናቸው፣ ዮርዳኖስ ያለችውን ፔትራን የሠሩት፣ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ይሆነዋል አለች። ሰዉ ሲበተን ጠጋ ብዬ በዐረብኛ ስለ ሐዲሱ ጠየቅኳት። ዐረብኛዬ የኩሽና ዐረብኛ ነው፣ ሳቀች። “አያቴ እዚሁ ኖራ አንድ ቀን እግሯን አላስገባችም” አለችኝ። “እኔ ግን ሪዝቄ፣ እንጀራዬ ከዚህ ነው።” ቀጥላም እነዚህ የሰሙድ ቤቶች አይደሉም፣ የናባጢያውያን መቃብር ነው፣ ዘመኑም ሌላ ነው ብላ አስረዳችኝ። የተለማመደችው መልስ ይመስላል። ከፊታችን አንዱ ጀርመናዊ በመቃብሩ በር እጁን ዘርግቶ ፎቶ ይነሳል። እኔ ዱዓዬን እያልኩ ገባሁ፣ ቶሎም ወጣሁ። አላለቀስኩም።

ማታ ፎቶዎቹን ለአክስቴ ልጅ ላክሁላት። ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ሆቴል ድረስ እንድትመጣ መመላለሻውን እኔ ልክፈል ብዬ ነበር፣ ማዳሟ አይሆንም አለቻት።

“እቴ፣ ዮርዳኖስ ገባሽ እንዴ?” አለችኝ።

“ያለሽበት አገር ነው!”

“በይ ተይኝ፣ እኔ ያለሁበት አገር ሳሎንና ኩሽና ነው።”

ሁለታችንም ሳቅን። በ2021 ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መቀየርና ከአገር መውጣት ይችላል የሚል ማሻሻያ መጥቷል። የቤት ሠራተኞችን ግን አይጨምርም።

እማ በስልክ “ለፈረንጅ ከፈቱት አሉ፣ ምን ሊውጠን ነው?” ብላኛለች። እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ነገር ፈረንጁ አይደለም። ሳዑዲ በ2030 100 ሚሊዮን ጎብኚ ብላ ያቀደችውን በ2023 አሳክታ ዕቅዱን ወደ 150 ሚሊዮን ከፍ አድርጋለች፤ ከዚያ ቁጥር ግን አብዛኛው የራሷ ዜጋና ነዋሪ ነው። ዱባይና ካይሮ ሄዶ ይዝናና የነበረው ወጣት ገንዘቡን አገሩ ላይ እንዲያወጣ ነው ነገሩ። ለሐረመይን ባቡር 30 ሴት ሹፌሮች ሲፈለጉ 28 ሺህ ሴት ተመዝግቧል። በሩ ወደ ውጭ የተከፈተ ይመስላል እንጂ፣ እንደኔ እንደኔ ብዙ የወጣው ከቤት ነው።

እዚህ ስቶክሆልም ያሉ ጓደኞቼ እንሂድ ወይ ይሉኛል። ሂዱ። ከኅዳር እስከ የካቲት ጥሩ ነው፣ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ አይቻልም። ለሄግራ ቲኬት ቀድማችሁ ቁረጡ። ክርስቲያኖች መካ አትገቡም፣ መዲና ግን ከሐረሙ፣ ከተቀደሰው ክልል ውጭ ይቻላል። ቢራ የለም። ሴት ብቻዋን ስትሄድ እኔ ምንም አልገጠመኝም።

የአክስቴ ልጅ ውል በቅርቡ ያልቃል። ከመውጣቷ በፊት ጅዳ መጥታ ባለድን አብረን ብናይ ብዬ እዚያ የሚኖር የአገራችንን ልጅ ጠየቅኩት። የመውጫ ቪዛ ከተመታ በኋላ የተወሰነ ጊዜ ይሰጣል፣ ሕጉ አይከለክልም አለኝ። ችግሩ፣ የቤት ሠራተኛ ሲሆን ከፊሉ ራሱ ነው ኤርፖርት አድርሶ የሚያሳፍረው። ማዳሟን አነጋግሪያት ብያታለሁ፣ እስካሁን አልመለሰችልኝም።