ዙም ከማድረጋችሁ በፊት ስካኑን እዩ

ለእናትና አባቴ 50ኛ ዓመት ጋብቻ የፎቶ ስላይድ ሾው ሠራሁ። ፎቶዎቹ ዝም ብለው እንዲቀያየሩ አልፈለግሁም። ቀስ ብለው እንዲቀርቡ፣ እንዲርቁ፣ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እንዲሄዱ ነበር የፈለግሁት። ተሳክቶልኛል፤ ኮርቼበታለሁም። ግን እዚህ ለመድረስ ያየሁትን ፍዳ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

የምንኖረው አቃቂ ነው። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው እዚሁ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከአልበሙ ሁሉ የምወደው በ1960ዎቹ መጨረሻ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር የተነሳውን ፎቶ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ 13 በ18 ሴንቲ ሜትር። ሠራተኞቹ በሦስት ረድፍ ቆመዋል፤ አባቴ ከኋላ ነው። ፊቱ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ሐሳቤ ከእሱ ፊት ተነስቼ ቀስ እያልኩ ወደኋላ ስርቅ ሁሉም እንዲታዩ ነበር።

አልበሙን ሰፈራችን ላለ አንድ ፎቶ ቤት ሰጠሁ። "በትልቁ ስካን አድርግልኝ፤ ዙም አደርገዋለሁ" አልኩት። "እህቴ፣ ስታንዳርዱ 300 ነው፤ አታስቢ" አለኝ። ሲጨርስ በቴሌግራም ላከልኝ። ላፕቶፔ ላይ ከፍቼ ወደ አባቴ ፊት ስጠጋ ዓይንም አፍንጫም የለም። ግራጫ አራት ማዕዘኖች ብቻ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 300 ዲፒአይ ማለት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ ነው። ፎቶውን በነበረበት መጠን መልሶ ለማተም ይበቃል። ለዙም ግን አይሆንም። 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ፊት በ300 ስካን ሲደረግ 60 ፒክስል ገደማ ነው የሚደርሰው። ያንን 1920 በ1080 በሆነ ስክሪን ላይ ዘርጉት እስቲ! በ1200 ቢሆን ያው ፊት 236 ፒክስል ያገኝ ነበር። በዚያ ላይ ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ያሳንሰዋል። እንዳለ የሚደርሰው እንደ ፋይል ሲላክ ነው። ሰውዬው መጀመሪያ በስካነሩ፣ ቀጥሎ በቴሌግራሙ አሳነሰብኝ።

ተመልሼ ሄድኩ። "ፎቶው አርጅቶ ነው" አለኝ። እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አልበሙ ፊታችን ተዘርግቷል። የስልኬን ካሜራ አስጠግቼ አሳየሁት። የአባቴ ቅንድብ ይታያል፤ የኮቱ ቁልፍ ሳይቀር ይታያል። ታዲያ ፎቶው ምን አጠፋ? ደንበኛ የማያውቅ መስሏቸው ጥፋቱን በአሮጌ ወረቀት ላይ የሚያላክኩ ሰዎች ያሳዝኑኛል። እንደገና ይሥራልኝ ስለው ሌላ ሒሳብ ጠየቀኝ።

ይባስ ብሎ "ቆይ፣ በኤአይ አጠራልሻለሁ" አለኝ። አጠራው። ፊቱ ጥርት አለ፤ ቆዳው ለሰለሰ፤ ዓይኖቹ አበሩ። ወስጄ ለእናቴ አሳየኋት። ትንሽ አየችውና "ይሄ ደግሞ ማነው?" አለች። ግማሽ ምዕተ ዓመት አብሯት የኖረውን ሰው ነው እንግዲህ። መተግበሪያው የጠፋውን ፒክስል ከየትም አያመጣውም፤ ከሌሎች ብዙ ፊቶች የተማረውን ይዞ ገምቶ ይሞላል። ለወላጅ ፊት በጭራሽ አትጠቀሙበት። በዚህ ጉዳይ አልደራደርም። ትንሽ የደበዘዘ አባት ከጠራ ባዕድ ይሻላል።

ይህ የማቅረብና የማራቅ ዘዴ በአሜሪካዊው ዘጋቢ ፊልም ሠሪ በኬን በርንስ ስም ነው የሚጠራው። አፕልም እ.ኤ.አ. በ2003 አይሙቪ በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያው ውስጥ ሲያስገባው በእሱ ስም ሰየመው። ግን እሱ ካሜራውን የሚያስጠጋው ወደ ፎቶው ራሱ ነበር፤ በቀረበ ቁጥር ያልታየ ነገር ያገኛል። እኛ ኮምፒውተር ላይ የምንጠጋው ወደ ስካኑ ነው። ስካነሩ ያላነበበውን የትኛውም ሶፍትዌር አያወጣውም።

በመጨረሻ ቃሊቲ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አሠራሁ። የስካነሩን መስታወት በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጠረግን። ለፖስት ካርድ መጠን 600፣ ለጉርድ ፎቶና ብዙ ሰው ላለበት ፎቶ 1200 አስደረግሁ። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶ በ300 ሲነበብ 354 በ472 ፒክስል ብቻ ነው፤ ለምንም አይሆንም። በ1200 ስካነሩ ይጎተታል፤ ይጎተት። ፋይሎቹን በፍላሽ ይዤ ወጣሁ። አልበም ጥላችሁ አትሂዱ፤ ቁጥሩን በዓይናችሁ እዩ።

የቀረው ቀላል ነው። ካፕከት በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ በፎቶው መጀመሪያና መጨረሻ አንዳንድ ኪፍሬም (የፎቶውን ቦታና መጠን የሚይዝ ምልክት) ታስቀምጣላችሁ፤ መሐሉን ራሱ ይሞላዋል። ለአንድ ፎቶ ከ5 እስከ 7 ሰከንድ፤ መጠኑን ከ100 ወደ 110 በመቶ ማሳደግ ይበቃል። ስክሪኑን የሞላ ፎቶ ወደ ጎን ለማንቀሳቀስ ግን አስቀድሞ ማሳደግ ግድ ነው። 120 በመቶ ላይ በግራም በቀኝም የስክሪኑን 10 በመቶ ያህል ቦታ ታገኛላችሁ። ከዚያ ካለፋችሁ ጥቁር ጠርዝ ይመጣል።

ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምሩት "አንዱን አቅርቡ፣ ቀጣዩን አርቁ" ይላሉ። እኔ አልስማማም። ተመልካቹ ከሦስተኛው ፎቶ በኋላ ስለሚነቃበት ፎቶውን ትቶ እንቅስቃሴውን ማየት ይጀምራል። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ምክንያት ይኑረው። የእናቴ የቁም ፎቶ ከቀሚሷ ጥበብ ተነስቶ ወደ ፊቷ ይወጣል፤ ምክንያቱም ያንን ጥበብ የሠራላት አያቴ ነው። የሠርጋቸውን ፎቶ ጨርሶ አላንቀሳቀስኩትም። ሶፍትዌሩ በራሱ የሚያደርገውን አውቶማቲክ እንቅስቃሴ ደግሞ አጥፉት፤ የሰው ግንባር ይቆርጣል።

ብዙ ሰው ላለበት ፎቶ ረዘም ያለ ጊዜ ስጡ። የፋብሪካው ፎቶ ሲመጣ አባቴ ጓደኞቹን በስም መጥራት ጀመረ፤ ወንድሜ ቶሎ ብሎ ባያቆመው ፎቶው አልፎት ነበር። ላፕቶፑ አጠገብ ማቆሚያውን የሚነካ አንድ ሰው ይቀመጥ።

ስካኖቹንም ስላይድ ሾው አለቀ ብላችሁ እንዳትደመስሱ። እኔ አንዱን ቅጂ ላፕቶፔ ላይ ትቼ ሌላውን ለወንድሞቼ ልኬላቸዋለሁ፤ በእርግጥ እንደ ፋይል።