ጩኸትን የሸለምኩ ዕለት

ድሮ በአገራችን ሁለት ሰው ሲጣላ መንገደኛ አስቁሞ «ፍረደን» ይል ነበር። የመንገድ ዳኛ ይባላል። እኔም ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አንድ ሆቴል ኮሪደር ላይ፣ ቡናዬን ይዤ ሳልፍ እንደዚያው ተያዝኩ። የጨዋታ ኮንቬንሽን ነው። የሮል ፕሌይ ውድድሩን የሚዳኘው ሰው ቀርቷል። አዘጋጁ አየኝና «አንተ ይሄን ጨዋታ ታውቀዋለህ አይደል?» አለኝ። ጨዋታውንማ አውቀዋለሁ። ዳኝነት ሌላ ነገር መሆኑ የገባኝ ማታ ነው።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ልንገረው። ስድስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ ጦረኛ፣ አንዷ ፈዋሽ፣ ሌላው ሌባ። አጫዋቹ «በሩ ተከፈተ፤ ውስጡ ጨለማ ነው፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቾቹ በገጸ ባሕርያቸው አፍ ይመልሳሉ። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ይጣላል። አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቼዝ ቢሆን ንጉሡ መላወሻ ሲያጣ ያበቃል፤ እግር ኳስ ቢሆን ጎል ይቆጠራል። እዚህ ግን ወይ አብሮ መዳን ነው ወይ አብሮ ማለቅ። ታዲያ ማን ይሸለማል?

ጥያቄው የቆየ ነው። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው የዚህ ዓይነት ጨዋታ በ1974 እ.ኤ.አ. ወጣ። በዓመቱ ባልቲሞር ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው ኦሪጅንስ ኮንቬንሽን ውድድር ተደረገበት። ሁሉም ቡድን ያንኑ ወጥመድ የሞላበት መቃብር ይገባል፤ ርቆ የሄደ ይበልጣል። ይሄ ለቡድን ይሠራል። በ1980 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አርፒጂኤ የሚባል የተጫዋቾች ማኅበር ደግሞ ተጫዋቾች ለጠረጴዛ ጓደኞቻቸው ድምፅ እንዲሰጡ ያደርግ ነበር። የሚገርመው አጫዋቹን «ዳኛ» ነበር የሚሉት። ይህን ሁሉ ያነበብኩት ካጠፋሁ በኋላ ነው።

ያጠፋሁት እንዲህ ነው። ጠረጴዛው አምስት ነበር። እየዞርኩ በየጠረጴዛው ዐሥር ዐሥር ደቂቃ ቆምኩ። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ድዋርፍ፣ ማለትም የተረት ድንክ፣ ሆኖ የሚጫወት ሰውዬ ወንበር ላይ ወጥቶ በስኮትላንዶች አነጋገር ዘንዶውን ይሰድባል። ሳቅ በሳቅ ሆነዋል። እኔም ሳቅኩ። ማታ አንደኛ እሱ ነው አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ የገዛ ጠረጴዛው ሰዎች ግን እጃቸው ከበዳቸው።

ኋላ ከነሱ ሁለቱ መጡ። አልተቆጡም። «እንዴት ቆጠርከው?» ብቻ አሉኝ። ምን ልበል? አልቆጠርኩም።

ከዚያ ነገሩኝ። ፈዋሿን የተጫወተችው ሴትዮ አራቱን ሰዓት ሙሉ ካሬ ወረቀት ላይ ካርታውን ስትስል ነበር። አጠገቧ ዐሥራ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ተቀምጧል፤ ተራው በደረሰ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። እሷ በፈዋሿ ድምፅ ወደሱ ትዞርና «ያንተ ዓይን ከኔ ይሻላል፤ እዚያ ጥግ ምን ይታይሃል?» ትለዋለች። ልጁ ይመልሳል። በሦስተኛው ሰዓት ማንም ሳይጠይቀው መናገር ጀመረ። መውጫውን ያገኘውም እሱ ነው፣ በሷ ካርታ። ድዋርፉ ታዲያ መሀል እየገባ ሁለቴ አቋርጦታል። እኔ ያየሁት የድዋርፉን ዐሥር ደቂቃ ነው። የቀረውን ያየው አብሮት የተቀመጠው ሰው ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ማንም ሳይጎትተኝ ራሴ ሄጄ ልዳኝ አልኩ። አዘጋጁ ደስ አለው፤ የሚፈልገው ሥራ አይደለማ።

የነጥብ ወረቀት አዘጋጀሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች የቀሩትን አምስት በደረጃ ያስቀምጣል፤ ለራሱ አይሰጥም። ለአንደኛ 5፣ ለመጨረሻው 1። አጫዋቹ ደግሞ ስድስቱንም ከ6 እስከ 1 ይሰጣል፤ የሱ በእጥፍ ይታሰባል። ወረቀቱ ላይ «ጎበዝ ተጫዋች ማን ነው?» ብዬ ጻፍኩ። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ያሳቀውን ሰው ጻፈ። ያው ድዋርፍ በሌላ ስም! ለከሰዓቱ ዙር ጥያቄውን ቀየርኩት፦ «ነገ ብትጫወት አጠገብህ ማን ቢቀመጥ ትወዳለህ?» መልሱ ተገለባበጠ። ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው።

የማልኮራበትም አለ። ለፍጻሜው ከፍተኛ ነጥብ ያላቸውን ስድስት ሰዎች መረጥኩ። አንድ ሰው ቀርቶበት በአምስት የተጫወተ ጠረጴዛ ነበር፤ ከነሱ አንድም አላለፈም። አንዷ ልጅ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። በስድስት ሰው ጠረጴዛ ከጓደኞችህ እስከ 25፣ ከአጫዋቹ 12፣ ድምሩ 37 ይገኛል። በአምስት ሰው ጠረጴዛ ግን 16 እና 10፣ ቢበዛ 26። ሰማይ ብትነካ አታልፍም። እንጀራዬ ሒሳብ ነው፤ አካውንታንት ነኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አሁን ከየጠረጴዛው አንደኛ የወጣው ያልፋል፤ ስድስተኛው ወንበር ሊያገኝ ከሚችለው ነጥብ አንጻር በመቶኛ ለበለጠው ሁለተኛ ይሰጣል።

ተያይዘው የመጡ ጓደኛሞችም አሉ። አራቱ አንድ ጠረጴዛ ከያዙ ሁለቱ እንግዶች አለቀላቸው። ስለዚህ በር ላይ የመጫወቻ ካርታ እንደ ዕጣ አስመዝዤ እበትናቸዋለሁ። ያጉረመርማሉ፤ ይለምዱታል። ወረቀቱ ደግሞ ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው የሚታደለው። አልቆ ከሆነማ ሁሉም ወደሚቀጥለው ጨዋታ ይሮጣል፣ አንተ ባዶ ወረቀት ትለቅማለህ። እኩል ነጥብ ከመጣ የአጫዋቹ ደረጃ ይለያል፤ ይህም ወረቀቱ ላይ አስቀድሞ ተጽፏል። ሳይጻፍ በፊት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች እኩል ሆኑና «ዳይስ እንጣል» አሉ። አንዱ 17 አመጣ። ሌላው 1። ተሸናፊው እየሳቀ ነው የሄደው፤ እኔ ግን ደረጃ በዳይስ መስጠት አልወደድኩም።

ሽልማቱን በተመለከተ፣ እንቆቅልሽ ስንጫወት ላደግን ሰዎች ነገሩ ቀላል መሆን ነበረበት። «አገር ስጠኝ» ይልሃል፤ ጎንደርን ትሰጠዋለህ፤ ማንም ካርታ አይለውጥም፣ ሁሉም ይስቃል። እኔ ግን አንድ ዓመት በስጦታ የመጣ ሚኒያቸር የሚባሉ የገጸ ባሕርያት ትንንሽ ምስሎች ያሉበት ውድ ሳጥን መድረኩ ላይ አስቀመጥኩ። ጠረጴዛዎቹ ተለወጡ። ሰው ተራ አልጠብቅ አለ። አንዱ አጫዋቹን በየሕጉ ይሟገተው ጀመር፤ በልሃ ልበልሃ ሆነ! በሚቀጥለው ዓመት አንደኛው የሚያምር የዳይስ ስብስብ ብቻ ወሰደ። ሳጥኑን የሚያህል ሽልማት ሲመጣ በዕጣ ለተመልካች ይሄዳል።

ሌላው የጨመርኩት፣ ስም ስጠራ ሰውዬው ያደረገውን አንድ ነገር መናገር ነው። «ችቦውን ለባልንጀራው ሰጥቶ በጨለማ ለቀረው» እላለሁ። ይህን የምሰበስበው ከአጫዋቾቹ ነው፤ ወረቀታቸው ግርጌ ላይ አንድ መስመር ትቼላቸዋለሁ። ሽልማቱን ያልወሰዱት እንኳ ዞር ብለው ያዩታል።

ያቺ ካርታ ሳዪዋ ሴትዮ በሦስተኛው ዓመት ተመልሳ መጣች፤ አሁን አጫዋች ሆናለች። ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ ጀመርኩ። ነገሩን ረስታዋለች፣ ወይም የረሳች መሰለች። የጠረጴዛዋን ወረቀቶች አስረከበችኝና «እርሳስ አላመጣህም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ከስድስቱ ወረቀት አንዱ በዓይን ኩል ተሞልቷል።