ሽቦዬን ያቀለጠው የእንፋሎት ካባ

ውሃ ሲፈላ ማየት አይሰለቸኝም። 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የፕላቲነም ሽቦ ውሃ ውስጥ ዘርግቼ በኤሌክትሪክ ማጋል የጀመርኩትም ለዚሁ ነው። መንገዱን ያሳየኝ ጃፓናዊው ሺሮ ኑኪያማ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1934 ባሳተመው ጥናት አንዱን ሽቦ ማሞቂያም ቴርሞሜትርም አደረገው። ፕላቲነም ሲግል የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ስለሚጨምር፣ ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል ተቃውሞው፣ ከእሱም የሽቦው ሙቀት ይታወቃል።

የመጀመሪያ ልኬቶቼ ሁሉ ከንቱ ነበሩ። ቮልቱን የለካሁት ኮረንቲ ከሚያስገቡት ወፍራም ሽቦዎች ጫፍ ላይ ነው። በእኔ ሽቦ የአንድ ዲግሪ ለውጥ ተቃውሞውን የሚቀይረው በ0.0012 ኦም (የተቃውሞ መለኪያ) ያህል ብቻ ነው፤ መገጣጠሚያው ላይ የተደበቀ 0.01 ኦም ንባቡን በ8 ዲግሪ ያሳስታል። ሁለት ቀጫጭን የመለኪያ ሽቦዎችን በቀጥታ ከፕላቲነሙ ጋር ሳያይዝ ቁጥሮቹ ተስተካከሉ። ሌላው ስሕተቴ አየር ነው፦ ውሃው ገና ለብ ሲል ሽቦው አረፋ ሲለብስ ፈላ ብዬ መዘገብኩ፤ ለካ የሟሟው አየር እየወጣ ነበር። አሁን አስቀድሜ ውሃውን ግማሽ ሰዓት አፈላዋለሁ።

እውነተኛው አረፋ ግን ውብ ነው! ሽቦው ላይ ካለች አንዲት ጭረት ይወለዳል፣ ያብጣል፣ ይለቃል፤ ከዚያችው ጭረት ሌላው ይከተላል፣ ክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ። ጭረቷ ውስጥ የቀረችው ጥቂት እንፋሎት ለሚቀጥለው ዘር ትሆናለች። ሽቦውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍገው የአረፋ መነሻዎቹ በዙ፣ መፍላቱም ቀደም ብሎ ጀመረ።

ወደ 12 አምፔር ስጠጋ፣ ማለትም በአንድ ካሬ ሜትር የሽቦ ገጽ 1 ሚሊዮን ዋት ገደማ ላይ፣ አረፋዎቹ ተያያዙ። ሽቦው ጫፍ ላይ ቀይ ነጥብ ታየ፤ እጄ ማጥፊያው ጋ ሳይደርስ ቅላቱ ሽቦውን አዳረሰና ተበጠሰ። እንፋሎት ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም፤ ሽቦውን እንደ ካባ ሲሸፍነው ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ኮረንቲውን ቋሚ ማድረጌ ደግሞ ነገሩን አባሰው፤ ተቃውሞው ሲያድግ ኃይሉም አብሮ አደገ።

ሁለተኛውን ሽቦ በቋሚ ቮልት ሠራሁበት። ሽቦው ሲቀላ ኮረንቲው ራሱ ቀነሰ፤ ሽቦውም ተረፈ። ከዚያ ቮልቱን ቀስ በቀስ አወረድኩ። ካባው ከተፈጠረበት ኃይል እጅግ ባነሰ ኃይል ላይም አልለቅ አለ፤ በመጨረሻ ከአንድ ጫፍ ተቀደደ፣ ውሃው ሽቦውን ሲነካ ቷ አለ፣ ዶቃዎቹም ተመለሱ።